ሐረግ ላይ የሚያፈራው ቦዬ፦ ከድስት ይግባ ወይስ ከማር ጋር ይለወስ?

መርፌና ክር | ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ሲወጣ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ቤቴ ግንፍሌ ነው። ስለ አዝርዕት የማውቀው ባለቤቴ ያበላችኝን ያህል ብቻ ስለሆነ ጥያቄዬ የሞኝ ቢመስላችሁ አትሳቁ፤ መሳቅ ካለባችሁም መጀመሪያ መልሱልኝ።

ትልቁ ልጄ ቀያሽ ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ሚዛን አማን አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ግማሽ ማዳበሪያ የሚሞላ ነገር ላከልን። ከላይ የነበሩት ክንድ የሚያህሉ፣ አፈር የያዙ፣ ቅርፊታቸው የዛፍ ልጥ የሚመስል ሥሮች ናቸው። ደውዬ ስጠይቀው «ቦዬ ነው አባዬ፤ ቀቅላችሁ ብሉት» አለኝ። ቦዬን በስም አውቀዋለሁ። አንድ የወላይታ ደንበኛዬ ሱሪ ሊያሳጥር በመጣ ቁጥር ስለ ቦዬና ስለ ዳጣ ሳያወራልኝ አይሄድም። ቀቀልነው። ነጭ፣ ደረቅ ያለ፣ ከድንች የሚከብድና ጾም ላይ ላለ ሰው ሆድ የሚይዝ ምግብ ነው። በእሱ ላይ ጥያቄ የለኝም።

ጥያቄዬ ከማዳበሪያው ሥር በጋዜጣ ተጠቅልለው ስለመጡት አሥራ ሁለት ነገሮች ነው። አፈር የሚባል አልነካቸውም። መልካቸው በግራጫና በቡኒ መካከል ነው፤ ቆዳቸው ላይ ኪንታሮት የመሰሉ ጥቃቅን እብጠቶች ተዘርተዋል። ክብ ሊሆኑ ጀምረው መሀል ላይ ሐሳባቸውን የቀየሩ ይመስል ጠርዝ ጠርዝ አላቸው። ሙያዬ አይለቀኝምና ትልቁን በሜትር ለካሁት፤ ዙሪያው 29 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሚዛን የመጣውን ነገር ደግሞ ወስጄ የማዕዘኑ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 390 ግራም። ልጄ «እነዚህ ከመሬት አልተቆፈሩም፤ ሐረጉ ላይ በየቅጠሉ ብብት ተንጠልጥለው ነው የተለቀሙት» ሲለኝ ያሾፈብኝ መስሎኝ ተቆጣሁት። ድንች ዛፍ ላይ!

ሁለቱን ቀቀልን። ሥጋቸው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሲቆረጡ እንደ ባሚያ ዝልግልግ ፈሳሽ አላቸው። አንደኛው ጥሩ ድንች ነው፣ በላነው፣ አለቀ። ሁለተኛውን ገና ምላሴ ላይ ሳሳርፈው እናቴ በልጅነቴ ያጠጣችኝ ኮሶ ትዝ አለኝ። ያኔ አፍንጫዬን ይዛ ነበር የምታስውጠኝ፤ አሁን አፍንጫዬን የሚይዝልኝ ስለሌለ ተፋሁት።

እስከዚህ ድረስ የምግብ ጉዳይ ነው። ችግሩ የወረደው ከሦስተኛ ፎቅ ነው። ከላያችን የምትኖረው ጎረቤታችን አንዱ መራራ መሆኑን ስትሰማ ዓይኗ በራ። የወንድሟ ልጅ ከጓንጉዡ ልብስ እያመጣ ይነግዳል (የእኔን ሙያ ካዳከሙት አንዱ እሱ ነው፤ ይህን ለሌላ ቀን)። ቻይናዎች ይህንኑ ነገር ለእንቅርት እንደሚጠጡት ነግሯታል። ባለቤቴ ደግሞ ከመጀመሪያው ልጃችን ወዲህ እንቅርት አለባት። ሐኪም አይቷት ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በባዶ ሆድ አንድ ክኒን ትውጣለች። ጎረቤታችን የቀሩትን አሥሩን አንድ በአንድ ምላሷን እያስነካች የመረሩትን አራት መርጣ ወሰደች፤ ከተፈቻቸው፤ በሰፌድ አድርጋ በረንዳዋ ላይ አሰጣቻቸው። እሑድ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ከማር ጋር ለውሳ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ ልታስልሳት ነው። ባለቤቴ የመረረ ሁሉ ያድናል ብላ የምታምን ሴት ናት። እኔ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብን እፈራለሁ።

የምታውቁ ንገሩኝ። ይህ ነገር ምንድን ነው? ከአንድ ማዳበሪያ ወጥቶ አንዱ ጣፍጦ አንዱ የሚመረው ለምንድን ነው? ሰፌዱንስ ምን ላድርገው? እሑድ ሩቅ አይደለም።

የፒያሳ ልጅ | ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 2፡31

ርዕሱን በችኮላ ሳነበው «ቦይ» መስሎኝ ስለ ሰፈራችን ቦይ ነው ብዬ ገባሁ፤ እሱም በየክረምቱ ብዙ ነገር ያፈራል። ቦዬ በልቼ ስለማላውቅ የምመልሰው የለኝም። የሰፌዱን መጨረሻ ሳልሰማ ግን አልወጣም።

ዋንዛ ሥር | ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 3፡45

ጋሼ፣ ልጅዎ አላሾፈብዎትም፤ ይቅርታ ይጠይቁት። እኔ የተወለድኩት ልጅዎ ካለበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሸኮ ነው። አሁን ስታዲየም አካባቢ ባንክ ውስጥ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ያ ጋዜጣ ሲፈታ የነበረውን ሽታ እዚህ ሆኜ አሸተትኩት።

ይህም ቦዬ ነው፤ የሚታወቀው ቦዬ የአክስት ልጅ በሉት። ያኛው ምግቡን መሬት ውስጥ ይደብቃል፤ ይህኛው ሰው እያየው ከላይ ያንጠለጥላል። ከሥርም ትንሽ ነገር አለው፤ ግን ጠንካራና የማይረባ ስለሆነ እኛ ቤት የሚቆፍረው አልነበረም። እናቴ ከቡናው ዳር በቆመ ዋንዛ ላይ ነበር የምታስወጣው። ቅጠሉ ልብ የመሰለ፣ ሰፊ፣ ዝናብ ሲመጣ ልጅ ራሱን የሚከልልበት ነው። ክረምቱ አልቆ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ፍሬዎቹ በራሳቸው ይለቃሉ። የዋንዛው አንድ ቅርንጫፍ በቤታችን ላይ ያጠላ ስለነበር ሌሊት ቆርቆሮው ላይ «ዱብ» ሲል አባቴ ከእንቅልፉ ሳይነቃ «ደመወዝ ገባ» ይል ነበር። ጃርትና ከርከሮ የመሬቱን ቦዬ ቆፍረው በጨረሱብን ዓመት እነዚህ ነበሩ የሚተርፉልን፤ ከርከሮ ዛፍ አይወጣም።

አበሳሰሉን ልንገርዎት። ጥሬውን አይላጡት፤ ያ ዝልግልግ ፈሳሽ እጅን ያሳክካል። ግዴታ ከሆነ እጅዎን ዘይት ይቀቡ። ከነልጣጩ ይቀቅሉት፤ ሹካ ሲገባለት ውሃውን ይድፉት፤ ልጣጩ በጣት ይወልቃል። እኛ በረመጥ ነበር የምንቀብረው፤ ከቡና ጋር በጨውና በሚጥሚጣ። የረመጡ ጣዕም በጋዝ ምድጃ አይገኝም፤ ሞክሬ አውቀዋለሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ልጅዎን ደውለው ይጠይቁት፦ አሥራ ሁለቱም ከአንድ ሰው ጓሮ ናቸው? ሰው የሚያለማውና ከጫካ ራሱ የበቀለው በዓይን ለመለየት ከባድ ነው፤ የሚለየው ምላስ ነው። ስንት ትውልድ የማይመረውን እየመረጠ ሲተክል ኖሮ ነው የጓሮው ጓሮ የሆነው። እናቴ የማታውቀው ሐረግ ፍሬ ሲመጣላት ስንጥር አድርጋ ትቀምሰዋለች። ከመረረ ተከትፎ ከአመድ ጋር ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ እንደገና ይቀቀላል፣ ከዚያ ወራጅ ውሃ ውስጥ ያድራል። ይህ የክፉ ቀን ሥራ ነው፤ ሌላ የሚበላ ያለው ሰው አይሞክረውም። መራራውን መርጦ፣ ጣፋጩን ትቶ የወሰደ ሰው ሳይ ጎረቤትዎ የመጀመሪያዋ ናቸው።

የድሮ ፋርማሲስት | ኅዳር 25፣ ከጠዋቱ 1፡05

ሰፌዱን ይገልብጡት። ማብራሪያው ይከተላል፤ መጀመሪያ ግን ይገልብጡት።

ሜክሲኮ አካባቢ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ሠላሳ አራት ዓመት ቆሜያለሁ። የእርስዎ ነገር ሳይንሳዊ ስሙ ዲዮስኮሪያ ቡልቢፌራ ነው። የመጀመሪያው ስም በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ዕፀ መድኃኒት ከጻፈው ግሪካዊ ሐኪም ከዲዮስኮሪደስ የተወሰደ ነው፤ ሁለተኛው «ኮረት ተሸካሚ» ማለት ነው። የቦዬ ዘር ሁሉ በመጀመሪያ ስሙ ሐኪም ይጠራል፤ ሰው መድኃኒት ነው ብሎ ቢጠረጥረው አይገርምም።

ጎረቤትዎም ከመሬት ተነስተው አላወሩም። ቻይናዎች «ሁዋንግ ያኦ ዚ» ይሉታል፤ ስሙ ውስጥ «ቢጫ» እና «መድኃኒት» የሚሉ ቃላት አሉ። ለእንቅርትና ለታይሮይድ ዕጢ ሕመም ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የወንድማቸው ልጅ ያልነገራቸው ቀሪውን ነው። ጉበት እንደሚጎዳ በሐኪሞች ተደጋግሞ የተመዘገበው እዚያው ቻይና ውስጥ፣ ለእንቅርታቸው በጠጡት ሰዎች ላይ ነው። መራራ ያደረጉት ዲዮስቡልቢን የሚባሉ ውህዶች ናቸው። ከእነሱ ዋናው ዲዮስቡልቢን ቢ ወደ ጉበት ሲደርስ ጉበት እንደ ማንኛውም ባዕድ ነገር ሰባብሮ ሊያስወጣው ይሞክራል፤ ሲሰባብረው ግን የጉበቱን የራሱን ሕዋሳት የሚያጠቃ ነገር ይወጣዋል። ሌባውን ያስታጠቀው ራሱ ዘበኛው ነው። ከዚያ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሽንት፣ ቢጫ ዓይን፤ በእኛ አነጋገር የወፍ በሽታ። ቢጫ መድኃኒት፣ ቢጫ ዓይን።

«ታዲያ ሰው እንዴት ይበላዋል?» ለሚለው «ዋንዛ ሥር» የጻፈችውን እንደገና ያንብቡ፤ እኔ ከዚያ የተሻለ አልጽፍም። እናቷ የማይመረውን ትመርጣለች፤ ትቀቅላለች፤ ውሃውን ትደፋለች፤ የሚበላውም በወቅቱ፣ ከሌላ ምግብ ጋር ነው። የጎረቤትዎ አሠራር ይህን ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። መራራው ይመረጣል፤ ሳይቀቀል ይደርቃል፤ ማለት ውሃው ብቻ ይወጣና መርዙ ተጨምቆ ይቀራል፤ ከዚያ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ለወራት። የሸኮ እናቶች በስንት ዘመን ልፋት ከድስት አውጥተው የደፉትን እርሳቸው በማንኪያ እየመለሱ ነው።

ስለ ባለቤትዎ አንድ ቃል ልጨምር። እንቅርት የአንገት እብጠት ስም ነው እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። በአዮዲን እጥረት ይመጣል፤ ዕጢው ሲደክም ይመጣል፤ ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራም ይመጣል። ስለዚህ ለአንዷ የሚበጀው ለሌላዋ ጉዳት ነው። በባዶ ሆድ የሚዋጠው ክኒን ዕጢው ያጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ይመስለኛል። እሱን በገዛ እጅ ማቋረጥም ሆነ ማርና ዱቄት መደረብ አይገባም። ባለ አዮዲን ጨው ግን ለቤተሰቡ ሁሉ ይጠቅማል፤ ዕቃውን ከድነው ያስቀምጡት፣ ወጡ ላይ መጨረሻ ላይ ይጨምሩት። ብዙ ሲንተከተክ አዮዲኑ ይቀንሳል።

ጎረቤትዎ ራሳቸው ቀምሰውት ከሆነም ይጠይቋቸው።

ቀበና ዳር | ኅዳር 25፣ ከቀኑ 6፡20

በሰው ጥያቄ መሀል መግባቴን ይቅር በሉኝና፣ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ የሚቀባ ክሬም አለ፤ ላዩ ላይ «የዱር ያም» ይላል። ያም ማለት ቦዬ መሆኑን ያወቅሁት ገና ዛሬ እዚህ ነው። ለማረጥ ሙቀት ነው፣ ተፈጥሯዊ ሆርሞን ነው ብላኛለች። ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብሱን ስጥልና ስለብስ ስለማድር እየተቀባሁ ነው። ይህም ጉበት ይነካል?

የድሮ ፋርማሲስት | ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 1፡40

እህቴ፣ ያ ሌላ ዝርያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዲዮስኮሪያ ቪሎሳ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሐረግ። የእርስዎ ችግር ጉበት ሳይሆን ተስፋ ነው።

ወሬው የተነሳው ከእውነተኛ ታሪክ ነው። በ1940ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ራስል ማርከር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ከሜክሲኮ የዱር ቦዬዎች ዲዮስጄኒን የሚባል ነገር አውጥቶ በላቦራቶሪ ወደ ፕሮጄስትሮን ሆርሞን ለወጠው። በ1944 እሱ ያለበት ሲንቴክስ የሚባል ኩባንያ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ተቋቋመ። ሆርሞን ከወርቅ ይወደድ በነበረበት ዘመን ገበሬዎች ባርባስኮ የሚባለውን ቦዬ በማዳበሪያ እየቆፈሩ ያስረክቡ ጀመር። ከወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች ቀዳሚዎቹ አንዱ መሥሪያውን ያገኘው ከዚያ መንገድ ነው። ሰዎች ታዲያ «ክኒኑ ከቦዬ ከመጣ ቦዬውን ብንቀባውስ?» አሉ።

ጠያቂያችን ልብስ ሰፊ ናቸውና በእሳቸው ቋንቋ ልናገር። ድርና ማግ ስላለ ሸማ አለ ማለት አይደለም፤ ሸማኔ ያስፈልጋል። ዲዮስጄኒንን ወደ ሆርሞን የሚሸምነው የላቦራቶሪ ኬሚስት ነው፤ ሰውነታችን ውስጥ ያ ሸማኔ የለም። አንዳንዱ ክሬም ግን በላቦራቶሪ የተሠራ ሆርሞን በቀጥታ ተጨምሮበት ስለሚሸጥ የጀርባውን ጽሑፍ አንብበው ለሐኪምዎ ያሳዩ። ሙቀቱ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ሐኪም የሚያዝለት ነገር አለ፤ ዝም ብለው አይቻሉት።

ሌጎስ ደርሶ መልስ | ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 2፡15

ስለ ጉበት ብቻ አውርታችሁ ምግቡን አታስጠሉን! እኔ በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ሌጎስ ስመላለስ ነው ከቦዬ ጋር የተዋወቅሁት። ናይጄሪያ ብቻዋን ከዓለም የቦዬ ምርት ከግማሽ በላይ የምታመርት አገር ናት። እዚያ ቦዬ የጎን ምግብ አይደለም፣ ጌታ ነው። ኢግቦዎች አዲሱ ቦዬ ሲደርስ «ኢሪ ጂ» የሚሉት በዓል አላቸው፤ ከበዓሉ በፊት አዲሱን መቅመስ ነውር ነው። እኛ በመስቀል ዙሪያ እሸት እንደምንጠብቀው ዓይነት።

ተቀቅሎ በትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ይወቀጣል። ሁለት ሰው ተራ በተራ ዘነዘና ሲያነሳና ሲጥል ከአንድ ምት በኋላ ሌላው ካልተከተለ እጅ ይሄዳል። ድንቹ መሰል ነገር ቀስ በቀስ እንደ ሊጥ ይሳባል፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ አብረቅራቂ። ዮሩባዎች ኢያን ይሉታል። በጣት ቆርሰህ፣ አድቦልቡለህ፣ የኤጉሲ ወጥ አስነክተህ ትውጠዋለህ። ማኘክ የለም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሳኝክ አስተናጋጇ ጓደኞቿን ጠርታ አሳየችኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ በእናቴ የቡና ሙቀጫ ሞከርኩት። ቡና ቡና የሚል ግራጫ ነገር ወጣ፤ ከታች ያለው ጎረቤቴም ሊጣላኝ መጣ። የሚወቀጠው ግን የመሬቱ ነጭ ቦዬ ነው፤ ያንን ቢጫና ዝልግልግ ነገር እንዳትሞክሩት።

መርፌና ክር | ኅዳር 27፣ ከምሽቱ 1፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

ልጄን ደወልኩለት፤ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እንደታዘዝኩት። ከዚያ ጥያቄውን አቀረብኩ። ሰባቱን የሰጡት ካምፓቸው አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው፤ ከጓሯቸው። አምስቱን ግን ራሱ መስመር ሲቀይስ ከጫካ ዳር ለቅሞ ነው የጨመረው። «ያው ነው ብዬ ነዋ፣ አባዬ፤ ያውም በነፃ።» አንዱን እኔ ተፋሁት፣ አራቱ ሰፌድ ላይ ናቸው፤ አምስት። ሒሳቡ እንደ ልክ ልብስ ገጠመ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። የፋርማሲስቱን ጽሑፍ ከስልኬ ጮክ ብዬ በሩ ላይ አነበብኩላት። «ሌባውን ያስታጠቀው ዘበኛው ነው» የሚለው ላይ ስደርስ የደረጃው ጥበቃ ቀና ብሎ አየኝ፤ ወደ ታች ወርጄ እሱን እንደማይመለከት አስረድቻለሁ። ጎረቤታችን ግን የዋዛ አይደለችም። «ቻይናዎች ጉበት የላቸውም?» አለችኝ። «አላቸው፤ የተጎዳው የእነሱ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሐሙስና ዓርብ ጠዋት ከደረቀው ጠርዝ ጠርዙን እንዳኘከች ነገረችኝ፤ ለባለቤቴ ከመስጠቷ በፊት በራሷ ልትሞክረው ብላ። ልቆጣት ወጥቼ ከዚህ በኋላ ምን እንደምል አጣሁ። ሰው ለሰው መርዝ የሚቀምሰው ከፍቅር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ዛሬ ጠዋት እኔና ባለቤቴ ይዘናት ጤና ጣቢያ ሄደን ደሟን ሰጥታለች፤ ጉበቷ ደኅና ነው ተብለናል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሚ ብለዋታል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ማሩ ተገዝቷል?» ተገዝቷል። የተሰጣው ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ገባ፤ ማሩ እኛ ቤት ገባ። ክኒኗን በሰዓቷ እየዋጠች ነው።

ከቀሩት ስድስቱ ማታ አምስቱን ከነልጣጫቸው ቀቀልን። ከመቀቀላችን በፊት እያንዳንዱን ስንጥር አድርጌ ቀመስኩ፤ አንዱም አልመረረም። ሲበስሉ ልጣጩ እንዴት እንደሚወልቅ በጽሑፍ ልነግራችሁ አልችልም፤ የአሮጌ ኮት ገበር ስፌቱ ሲፈታ እንደሚለቀው አንድ ጊዜ ተጎትቶ ይወጣል። ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ለዘብ ያለ፣ ከመሬቱ ቦዬ ይልቅ እርጥበት ያለው ነው። በዘይትና በሚጥሚጣ በላነው። ጎረቤታችንም ወርዳ በላች፤ መጀመሪያ ግን እኔ እስክውጥ ጠበቀች።

ስድስተኛውን አልቀቀልኩትም። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ አፈር ሞልቼ ቀበርኩትና በረንዳ ላይ አቆምኩት። ለሐረጉ ከልብስ መስቀያ ሽቦ መሰላል ሠርቼለታለሁ። እዚህ ይበቅላል?

የባዮሎጂ መምህር | ኅዳር 27፣ ከምሽቱ 3፡00

ከበቀለልዎ ሽቦው ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም ይዩልኝ። ዲዮስኮሪያ ቡልቢፌራ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤ ግንዱም ድብልብል ነው። ዲዮስኮሪያ አላታ የሚባለው ሌላው ቦዬ ግን ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ግንዱም ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ጠርዙ ላይ ክንፍ የመሰለ ነገር አለው። እሱም አንዳንድ ጊዜ ከላይ ስለሚያፈራ ሰው ያምታታል። ጠርዝ ጠርዝ አላቸው ያሉት የአፍሪካው ዓይነት ምልክት ነው፤ የእስያዎቹ ይበልጥ ክብ ናቸው።

ፍሎሪዳ ውስጥ ይህን ሐረግ የሚያበረታታ ሰው የለም። በ1905 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገብቶ ዛፉን ሁሉ እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነው፤ ፍሬው በወደቀበት ስለሚበቅል ነቅለው አልጨረሱትም። በመጨረሻ ከኔፓልና ከቻይና የዚህን ሐረግ ቅጠል እንጂ የሌላ ተክል የማትበላ ቀይ ጥንዚዛ አምጥተው ለቀቁበት። ግንፍሌን ግን አይወርርም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እሱ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ይወዳል። ጥቂት ቅጠል ያሳይዎታል፤ ፍሬ ከሰጠዎት ለእኔም ይንገሩኝ፣ ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ።

ዋንዛ ሥር | ኅዳር 28፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጋሼ፣ ቸኩለዋል! አሁን የእንቅልፉ ጊዜ ነው። እስከ የካቲት፣ መጋቢት ድረስ ዝም ይላል፤ ከአሁኑ ውሃ ካጠጡት ይበሰብሳል። አውጥተው ደረቅና ጥላ ያለበት ቦታ ያስቀምጡት። አንድ ቀን ራሱ ቀይ ቡቃያ ብቅ ያደርጋል፣ ያኔ ይቅበሩት። የጓሮው ፍሬ ስለሆነ የሚወልደውም እንደ እናቱ ነው፤ አይመርም።

መርፌና ክር | ኅዳር 28፣ ከምሽቱ 1፡15

አወጣሁት። ሱቄ ውስጥ ከክር ማቅያዎቹ መደርደሪያ ላይ፣ ከቡኒው ክር ጎን ተቀምጧል። ዛሬ አንድ ደንበኛ የመርፌ መሰኪያ መስሎት አንስቶ አገላበጠው።

ጎረቤታችን ግን ከጀሪካኑ መውጣቱን ሳትሰማ ዛሬ ማታ ባዶውን አፈር ውሃ ስታጠጣ ነበር ያገኘኋት። እንደማይመር ስነግራት ፊቷ ጥቁር አለ። «አንድ እንኳን?» አለችኝ።